የሰፈር የእሑድ ጨዋታ እንዴት ይዘጋጃል? የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ጎረቤቶቻችን አስተናጋጅ የሚሆኑበት

ይህን የምጽፈው ሰፈራችሁ ውስጥ አንድ ነገር ማድረግ ፈልጋችሁ ከየት እንደምትጀምሩ ግራ ለገባችሁ ነው። ትልቅ በጀት አያስፈልግም። ድርጅት መሆንም አያስፈልግም። ዕድር ካለ፣ ሜዳ ካለ፣ አምስት ስድስት ልበ ቀና ሰው ካለ ይበቃል። ዳውን ሲንድሮም፣ ኦቲዝም ወይም ሌላ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆችና አዋቂዎች ከቤት ወጥተው ከጎረቤት ጋር የሚጫወቱበት ግማሽ ቀን ነው የምናዘጋጀው።

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው እንስማማ። እነሱን ወንበር ላይ ደርድረን፣ ኬክ አጉርሰን፣ ፎቶ አንስተን የምንሸኝበት ዝግጅት ከሆነ ባይዘጋጅ ይሻላል። እንደዚያ ዓይነቱን ብዙ አይቻለሁ፤ ቤተሰቡም ሁለተኛ አይመጣም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተያያዘው ከአንድ ሐሳብ ጋር ነው፦ በዕለቱ ሥራ ይኑራቸው። በር ላይ ቆሞ እንግዳ የሚቀበለው፣ ቄጠማ የሚጎዘጉዘው፣ ዳቦ የሚያዞረው፣ ፊሽካ የሚነፋው ከእነሱ መሃል ይሁን።

መጀመሪያ በር አንኳኩ

ማስታወቂያ ለጥፎ መጠበቅ አያዋጣም። ብዙ ቤተሰብ ልጁን ከሰው የሚያርቀው ስለማይወደው አይደለም፣ የሰው ዓይን ፈርቶ ነው። "ምን በድለው ነው?"፣ "እርግማን ነው" የሚል ወሬ አንገፍግፎት ነው። አንዳንዷ እናት ደግሞ እንጀራ ፍለጋ ስትወጣ የሚጠብቅላት ሰው ስለሌላት በር ቆልፋ ትሄዳለች። እንዲህ ያለ ቤት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ "ልንመዘግብ ነው የመጣነው" ብሎ መግባት ነገሩን ያበላሻል። ወይ እርዳታ የመጣ ይመስላቸዋል፣ ወይ ይፈራሉ።

ቤቱ የሚያውቀውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ሊሆን ይችላል፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የነፍስ አባት፣ የመስጊዱ ኡስታዝ፣ ወይም ቡና የሚጠራሩ ጎረቤት። በመጀመሪያው ቀን ስለ ዝግጅቱ ብዙ አታውሩ። ቡና ጠጡ። ልጁን በስሙ ጠርታችሁ ሰላም በሉት። ሠላሳ ዓመት የሞላውን ሰው እንደ ሕፃን ጉንጩን አትቆንጥጡ፤ በዕድሜው ጋሼ የሚባል ከሆነ ጋሼ በሉት፣ እትዬ የምትባል ከሆነች እትዬ በሏት። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ እናትየው ግን አንድ በአንድ ታያለች።

ከዚያ እሱን ራሱን ጠይቁት። "ምን ትወዳለህ?" የሚለው ጥያቄ ለብዙዎቹ በጣም ሰፊ ነው። ታናሽ ወንድሜ ዳውን ሲንድሮም አለበት፤ እንግዳ ሰው እንዲህ ሲለው ዝም ብሎ መሬት መሬቱን ያያል። ኳስና ከበሮ ፊቱ ብታስቀምጡለት ግን ኳሷን በእግሩ ገፋ ያደርጋትና ከበሮውን አንስቶ እቅፉ ውስጥ ያስገባዋል። አለቀ፣ መልሱን ሰጠ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ዕቃ ወይም ሁለት ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ። ጠይቃችሁ ደግሞ ጠብቁ፤ በልባችሁ እስከ አስር ቁጠሩ። መልስ የሚዘገይባቸው ብዙ ናቸው፤ እናንተ ከተቻኮላችሁ እናቱ ትመልስለታለች፣ ያኔ የእሱን ሐሳብ ሳትሰሙ ወጣችሁ ማለት ነው።

ከጎበኛችኋቸው ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች አዘጋጅ ኮሚቴው ውስጥ ይግቡ። የኮሚቴ ስብሰባ አጭር ይሁን፣ ወሬው በፎቶና በዕቃ ይደገፍ።

ቀኑና ሰዓቱ

ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ያለው ወቅት ለሜዳ ጨዋታ ምርጥ ነው። ክረምት አይሞከርም። በዓለም አቀፍ ቀን ማክበር ካማራችሁ ሦስት አሉ፦ የአካል ጉዳተኞች ቀን ዲሴምበር 3፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር 24፣ የዳውን ሲንድሮም ቀን መጋቢት 12፣ የኦቲዝም ቀን ደግሞ መጋቢት 24። መጋቢት 12 የተመረጠው በከንቱ አይደለም። ፈረንጆቹ ዘንድ ቀኑ የሦስተኛው ወር ሃያ አንደኛ ቀን ነው፤ ዳውን ሲንድሮም የሚመጣውም ሃያ አንደኛው ክሮሞዞም (በሰውነታችን ሕዋስ ውስጥ ያለ የዘር መረጃ ተሸካሚ) በሁለት ፈንታ ሦስት ሲሆን ነው። ይህን ለሰፈር ሰው ብትነግሩት እርግማን የሚለውን ወሬ ለማስቆም ይረዳል። መጋቢት 12 ግን ሁልጊዜ ዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚውል ምግቡ የጾም ይሁን፤ ረመዳንም በየዓመቱ ስለሚዘዋወር ቀን መቁጠሪያ ሳታዩ ቀን አትቁረጡ። የበልግ ዝናብም አለ። ለእኔ የኅዳሩ ይመረጣል።

እሑድ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ከ4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ተኩል ይበቃል። ሰዎቹ ገና ሳይደክሙ ቢያልቅ "ይደገም" ይላሉ። ደግሞ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ ይኖራሉ፤ የአእምሮ እድገት ውስንነት ካለባቸው ሰዎች መካከል የሚጥል በሽታ በብዛት ይታያል። የመድኃኒት ሰዓታቸውን ጠይቃችሁ ያዙ።

ሜዳውን ስትመርጡ

ከሁሉ በፊት ሽንት ቤቱን እዩ። ሜዳው የቱንም ያህል ቢያምር ሽንት ቤቱ ሩቅ ወይም ቆሻሻ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ፤ ብዙ አዋቂዎች ልብስ ለመቀየር እገዛ ያስፈልጋቸዋል፣ እናት ደግሞ በዚህ ስትሸማቀቅ ነው ቶሎ ወደ ቤት የምትመለሰው። ቀጥሎ ዙሪያውን እዩ። አስፋልት፣ ወንዝ፣ የተከፈተ ጉድጓድ ካለ ያ ወገን መዘጋት ወይም ሰው ሊቆምበት ይገባል። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ሳይታሰብ ሮጠው ሊሄዱ ይችላሉ፣ ውኃ የሚስባቸውም ብዙዎች ናቸው። ጥላ አለ ወይ? ዊልቸር ይገባል ወይ? አንድ የኮሚቴ አባል ሰው የተቀመጠበትን ዊልቸር ከታክሲ ማውረጃው እስከ ሜዳው እየገፋ ይሞክረው፤ ድንጋዩና ቦዩ ያኔ ይታያችኋል።

የትምህርት ቤት ግቢ፣ የወጣት ማዕከል፣ የሰፈር ሜዳ ሁሉም ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው "መንገድ ለሰው" በሰፈራችሁ በኩል የሚኖርበት እሑድ ካለ ደግሞ መንገዱ ለመኪና ስለሚዘጋ ያንን መጠቀም ይቻላል፤ ግን ሕዝቡና ድምፁ ስለሚበዛ ለመጀመሪያ ጊዜ አልመክርም።

ለወረዳው አስቀድማችሁ ደብዳቤ አስገቡ፤ በዕድሩ ማኅተም ቢሆን ጉዳዩ ይፋጠናል። "ምን ጥቅም አለው?" የሚል ከመጣ ደብዳቤው ላይ ይህን ጨምሩ፦ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶችን ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 30 በባህል፣ በመዝናኛና በስፖርት ከሌላው እኩል መሳተፍ መብት መሆኑን ይናገራል። ችሮታ እየጠየቃችሁ አይደለም።

ድንኳኑ፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ ከዕድር ይምጣ። አንድ ነገር ግን አትርሱ። የዕድር ድንኳን ሜዳ ላይ ሲተከል ያየ መንገደኛ ለቅሶ መስሎት ነጠላውን አዘቅዝቆ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ፊኛ ስቀሉበት፣ ባለ ቀለም ጨርቅ አልብሱት፣ ቄጠማውን እስከ መንገዱ አውጡት። የድንኳኑን ማስዋብ ሥራ ለእነሱ ስጡ፤ ፊኛ መንፋትና ማሰር የሚወድ አይጠፋም።

ሥራ ማከፋፈል

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ዋናው ይህ ነው።

ለእያንዳንዱ ሰው ሥራ ስትሰጡ እውነተኛ ሥራ ይሁን። ካልተሠራ የሚጎድል ነገር ማለቴ ነው። የእጅ ማስታጠቢያ ማንቆርቆሪያ የያዘው ሰው ከሌለ ማንም አይበላም፤ ይህ ሥራ ነው። "አንተ ዝም ብለህ እዚህ ቁም፣ ታምራለህ" ግን ሥራ አይደለም።

ሥራውን ትናንሽ አድርጋችሁ ክፈሉት። ዳቦ ማዞር ቀላል ይመስላል። ግን ውስጡ ስንት ነገር አለ፦ ሰፌዱን በሁለት እጅ መያዝ፣ ሰው ፊት መቆም፣ ጎንበስ ማለት፣ ሰውየው እስኪያነሳ መጠበቅ፣ ወደሚቀጥለው ማለፍ፣ ሲያልቅ ተመልሶ መሙላት። እያንዳንዱን ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንሱ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሙ፣ በቅደም ተከተል ካርቶን ላይ ለጥፉ። ከሳምንት በፊት ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ከእህት ከወንድሙ ጋር ይለማመድ። በዕለቱ ደግሞ አጠገቡ አንድ ሰው ይኑር፤ እጁን ይዞ የሚሠራለት ሳይሆን ሲጠፋበት ካርቶኑን የሚያሳየው። ሰፌዱ ቢደፋ ዳቦው ይለቀማል፣ ይቀጥላል። "በቃ ተቀመጥ" እንዳትሉ።

ቡናው ላይ ተጠንቀቁ እንጂ አትከልክሉ። ከሰልና ጀበና አጠገብ ልምድ ያላት እናት ትሁን፤ ስኒ ማጠብ፣ ቁርስ ማቅረብ፣ የተቆላውን ቡና ዞሮ እንግዳውን ማስሸተት ግን የሚያምር የአስተናጋጅ ሥራ ነው።

የዕለቱንም ፕሮግራም በፎቶ ሥሩት። ሰላምታ፣ ጨዋታ፣ ምሳ፣ ዘፈን፣ ወደ ቤት፤ አምስት ፎቶ ይበቃል። ገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ስቀሏቸው፤ አንዱ ሲያልቅ አንዱ ይውረድ። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ያወቀ ሰው ብዙ አይጨነቅም። ይህ ለአዛውንቶቹና ለሕፃናቱም ይጠቅማል።

ጨዋታው

ተደባልቆ መጫወት ነው ደንቡ። በ1968 እ.ኤ.አ. ዩኒስ ኬኔዲ ሽራይቨር ቺካጎ ላይ ያስጀመሩት ስፔሻል ኦሊምፒክስ ውስጥ ውስንነት ያለባቸውና የሌለባቸው በአንድ ቡድን የሚሰለፉበት የስፖርት ዓይነት አለ። በአምስት ሰው እግር ኳስ ሦስቱ ውስንነት ያለባቸው ተጫዋቾች፣ ሁለቱ ደግሞ አጋሮቻቸው ናቸው። ይህን ውሰዱት። የሰፈሩን ጎበዝ ኳስ ተጫዋቾች አስቀድማችሁ ንገሯቸው፦ አጋር ጎል አያገባም፣ ያቀብላል። ሆን ብሎ መሸነፍም የለም፤ ተጫዋቾቹ ይገባቸዋል።

ከኳስ ሌላ ማንኪያ ላይ ሎሚ ይዞ መሄድ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ እቴሜቴ፣ ጎማ ማንከባለል አለ። ኩኩሉ ይቅር፤ ልጆች የሚደበቁበትን ጨዋታ በዚህ ቀን ማዘጋጀት ሰው ፍለጋ መውጣት ነው። ዳውን ሲንድሮም ካለባቸው አንዳንዶቹ የላይኛው የአንገት አጥንት መጋጠሚያቸው የላላ ስለሆነ መገልበጥና ኳስ በቴስታ መምታት አይደረግ። ከልብ ችግር ጋር የሚወለዱትም ብዙ ስለሆኑ ከመሮጥ በፊት ቤተሰብ ይጠየቅ። ዝም ብሎ ማየት የሚፈልግም ይየው፤ ማየትም መሳተፍ ነው።

ድምፅ፣ ምግብና ደህንነት

ዝግጅቶቻችን ላይ ስፒከር እስከ መጨረሻው ይከፈታል። እባካችሁ ይህን ተዉት። ኦቲዝም ያለበትን ሰው ያ ድምፅ ሊያመው ይችላል፣ ጆሮውን ይዞ የሚጮኸው ረብሾ አይደለም። ትንሽ ስፒከር ተጠቀሙ፣ ፊቱን ከሰው አዙሩት፣ ሙዚቃ ሊጀመር ሲል አስቀድማችሁ ተናገሩ። ድንገተኛ እልልታም ያስደነግጣል፤ "አሁን እልል ልንል ነው" ብላችሁ እጅ አሳይታችሁ ጀምሩ። ከሜዳው ራቅ ብሎ ፍራሽና ጋቢ ያለበት ጸጥ ያለ ጥግ አዘጋጁ። እዚያ የገባን ሰው ማንም ሄዶ "ና እንጂ ጨፍር" አይበለው። ሲፈልግ ይወጣል።

ምግቡ ቀላል ይሁን። ፈንድሻና ኦቾሎኒ መዋጥ ለሚቸግረው ሰው ያንቃል፤ ከማደላችሁ በፊት ማን እንደሚቸገር እወቁ። ሙዝ፣ አቮካዶ፣ በመረቅ የራሰ ፍርፍር ይኑር። እናት ልጄ ይህን ብቻ ነው የሚበላው ብላ ከቤት ብታመጣ ቅር አይበላችሁ።

የሚጥል በሽታ ቢነሳ ሰውየውን በጎኑ አስተኙት፣ ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ ክብሪት አታስሸትቱት። ሰዓት ያዙ፤ አምስት ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ቤት። ለዚህ መኪና ያለው ጎረቤት ቀኑን ሙሉ ሳይሄድ ይቆይ።

መግቢያው አንድ ይሁን። የቤተሰብ ስልክ ቁጥር በክንድ ማሰሪያ ውስጠኛ ወገን ይጻፍ፤ ስምና ስልክ ደረት ላይ ለጥፎ ማዞር ለማያውቁት ሰው መንገድ መክፈት ነው። ሽንት ቤት የሚያደርሰው የራሱ ቤተሰብ ወይም ቤተሰቡ የመረጠው ሰው ብቻ ነው። ይህን በጎ ፈቃደኞች ሁሉ ሳይቀየሙ እንዲቀበሉ አስቀድማችሁ ንገሩ። ሰው ከጠፋ መጀመሪያ ወደ ውኃውና ወደ አስፋልቱ ሩጡ፣ ከዚያ ነው ሌላው።

ፎቶስ? ፈቃድ ካልተሰጠ አይነሳም። ቲክቶክ ላይ ሙዚቃ ተደርጎበት "አልቅሱ" የሚል ቪዲዮ አይለቀቅ። የገንዘብ መዋጮም በዚያ ቀን፣ በእነሱ ፊት አይጠየቅ። የሚያስፈልገውን ከሱቁ፣ ከዳቦ ቤቱ፣ ከዕድሩ ቀድማችሁ ጨርሱ። ከወጪው ሁሉ የማይቀነሰው የመጓጓዣው ነው፤ ብዙ ቤተሰብ የሚቀረው ለባጃጅ ወይም ለላዳ የሚከፍለው አጥቶ ስለሆነ ደርሶ መልሱን እናንተ ሸፍኑ። ባለሥልጣን ከመጣ ሁለት ደቂቃ ይናገር፣ ከዚያ ማንኪያና ሎሚ ስጡት።

እናቶችንም አትርሱ

እናት ልጇን ተከትላ ሜዳ ለሜዳ ስትሮጥ ከዋለች ለእሷ የቤት ሥራዋ ሜዳ ላይ መጣ እንጂ እረፍት አልሆነም። ለእያንዳንዱ እገዛ የሚሻ ሰው አንድ አጋር መድቡ፤ አጋሩ ግን ከዚያ በፊት ቤት ሄዶ የተዋወቀ ይሁን። ያኔ እናትየው አቦሉን ብቻ ጠጥታ አትነሳም፣ እስከ በረካ ትቀመጣለች። እናቶቹ አጠገብ ለአጠገብ ይቀመጡ። የትኛው ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት ክፍል እንዳለው፣ የትኛው ሐኪም በትዕግሥት እንደሚያይ፣ ወረፋ እንዴት እንደሚያዝ የሚለዋወጡት እዚያ ነው። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከልም የተነሳው ከአንዲት እናት ጭንቀት ነው፤ ልጃቸው ኦቲዝም አለበት። እህትና ወንድሞችም የራሳቸው ጨዋታ ይኑራቸው። ሁልጊዜ ጠባቂ ሆነው ያደጉ ናቸው፤ በዚያ ቀን ልጅ ይሁኑ።

ሲያልቅ

ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው "ወደ ቤት" የሚለውን ፎቶ አሳዩ፣ የመጨረሻው ዘፈን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን። ወንበር መሰብሰብና ቄጠማ መጥረግም ሥራ ነው፤ ለእነሱ ይሰጥ። ቀጣዩን ቀን ወንበሩ ሳይነሳ ቁረጡ፤ "እንጠራችኋለን" ከተባለ ብዙ ጊዜ ሳይጠራ ይቀራል። የተፈቀዱትን ፎቶዎች አሳትማችሁ በየቤቱ አድርሱ፤ ወንድሜ እንዲህ ያለ ፎቶ ካገኘ እንግዳ በመጣ ቁጥር እያወጣ ያሳያል።

በሳምንቱ ውስጥ ዞራችሁ ጠይቁ። ምን ወደዱ? ምን አስፈራቸው? ሥራቸውን መቀየር ይፈልጋሉ? አሁንም በፎቶ አሳይታችሁ ጠይቁ። በመጨረሻም ተጠርተው ያልመጡት ቤት ሂዱ። ለምን ቀራችሁ ብላችሁ አትውቀሱ፣ ዳቦውን አድርሳችሁ የሚቀጥለውን ቀን ንገሩ። በሁለተኛው ዙር ካልመጡ በሦስተኛውም ሂዱ።